ማክልሮይ ለምን እንደዛ አለቀሰ? አራቱንም ዋንጫ ስለበሉት ስድስት ጎልፈኞች

በፈረንጅ 2025 ኤፕሪል ላይ (ከዚህ በኋላ ያለው ዓመት ሁሉ የፈረንጅ ነው)፣ እሁድ ማታ ገደማ፣ አሜሪካ፣ ጆርጂያ ኦገስታ ውስጥ አንድ የ35 ዓመት ሰውዬ አጭር ኳስ ገፍቶ ቀዳዳው ውስጥ ካስገባ በኋላ በጉልበቱ ወደቀ፣ ግንባሩን ሳሩ ላይ ደፍቶ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ አለቀሰ። ቪዲዮውን ለጓደኛዬ አሳየሁትና "ምን ሆኖ ነው? ሰው ሞቶበት ነው?" አለኝ። አይ ዋንጫ በልቶ ነው አልኩት። "የመጀመሪያው ነው?" አለኝ፣ አይደለም፣ ከዛ በፊት አራት ትልልቅ ዋንጫ አለው፣ ብር በብር የሆነ ሰው ነው። "ታዲያ ምን ያስለቅሰዋል?" አለ፣ እኔም በሁለት ደቂቃ ላስረዳው ብዬ ጀመርኩና ቡናው ሶስተኛ ደረሰ። ስለዚ ቁጭ ብዬ ልጻፈው።

ሰውዬው ሮሪ ማክልሮይ ነው፣ የሰሜን አየርላንድ ልጅ። ጎልፍ ላይ በዓመት ብዙ ውድድር አለ ግን ሰው የሚቆጥረው አራቱን ነው፣ ሜጀር ይሏቸዋል። ኤፕሪል ላይ ማስተርስ፣ ሜይ ላይ ፒጂኤ ሻምፒዮንሺፕ፣ ጁን ላይ ዩኤስ ኦፕን፣ ጁላይ ላይ ደሞ እነ ስኮትላንድና እንግሊዝ አገር የሚደረገው ዘ ኦፕን። አራቱንም በእድሜው ቢያንስ አንድ አንዴ ያሸነፈ ሰው ካሪየር ግራንድ ስላም ሰራ ይባላል። በአንድ ዓመት ውስጥ መሆን የለበትም፣ ሃያ ዓመት ቢፈጅበትም ይያዝለታል። ሲሰሙት ቀላል ይመስላል እኮ። ግን ማስተርስ ከተጀመረበት ከ1934 አንስቶ እስከ 2025 መጨረሻ ድረስ ይሄን ያደረጉት ወንዶች ስድስት ናቸው። ስድስት ብቻ።

ጎልፍ አይታችሁ ለማታውቁ በአጭሩ፣ ሜዳው 18 ቀዳዳ አለው፣ ኳሷን ከመነሻው መትታችሁ ቀዳዳው እስክትገባ ስንቴ እንደመታችሁ ይቆጠራል፣ ትንሽ የመታ ያሸንፋል። ሜጀር አራት ቀን ነው፣ በድምሩ 72 ቀዳዳ። እያንዳንዱ ቀዳዳ ፓር የሚባል ልክ አለው፣ ፓር 4 ከሆነ በአራት ምት ጨርስ ማለት ነው፣ በሶስት ከጨረስክ በርዲ፣ በአምስት ቦጊ፣ በስድስት ደብል ቦጊ። ሁለት ቀን ከተጫወቱ በኋላ ግማሹ ገደማ ተቆርጦ ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል። በቃ ይሄን ካወቃችሁ የቀረው ይገባችኋል።

አሁን ለምን ከባድ እንደሆነ። ኪፕቾጌን አስቡት። በርሊን፣ ለንደን፣ ቺካጎ፣ ቶኪዮ አሸንፏል፣ ቪየና ላይ ማራቶንን ከ2 ሰዓት በታች ሮጧል፣ 2023 ቦስተን ሄዶ ግን ስድስተኛ ወጣ። ርቀቱ ያው ነው፣ ግን ቦስተን ዳገት ቁልቁለቱ ሌላ ነው፣ ፔስ የሚይዝልህ ሰውም የለም። ጎልፍም እንደዛ ነው። ማስተርስ ሁሌም አንድ ቦታ ነው፣ ኦገስታ፣ እዛ ኳሱን ሩቅ መምታት ብቻ አይበቃም፣ ቀዳዳው ያለበት ሳር (ግሪን ይሉታል) ተዳፋት ነው፣ ከመፍጠኑ የተነሳ ቀስ ብለህ የነካሃት ኳስ ተንከባላ ሜዳውን ለቃ ልትወርድ ትችላለች። ዩኤስ ኦፕን ላይ አዘጋጆቹ ሆን ብለው ኳሷ የምትሄድበትን መንገድ ያጠባሉ፣ ዳር ዳሩን ሳር ያሳድጋሉ፣ ከመንገድ የወጣ ኳስህን ፈልገህ ማግኘቱ ራሱ ስራ ነው። ዘ ኦፕን ደሞ ባህር ዳር ነው፣ ንፋሱ ጠዋት ከግራ ከሰዓት ከቀኝ ይመጣል፣ መሬቱ ደረቅ ነው፣ ባንከር የሚሉት የአሸዋ ጉድጓድ ውስጥ ከገባህ አንዳንዴ ወደ ኋላ መትተህ ነው የምትወጣው። ፒጂኤ አሁን ከሌሎቹ ለየት ያለ ጠባይ የለውም፣ ድሮ ግን እስከ 1957 ድረስ አንድ ለአንድ የሚጋጠሙበት ጥሎ ማለፍ ነበር፣ ብዙ ትልልቅ ሰው ያስቀረው እሱ ነው። ስለዚ አንድ ሰው አንዱን ሶስት አራቴ ሊበላ ይችላል፣ አንዷ ግን ከአጨዋወቱ ጋር አልገጥም ትለዋለች፣ አልገጥም ያለችው ያቺ እድሜ ልኩን ትከተለዋለች።

የመጀመሪያው ጂን ሳራዜን ነው፣ የሱ ታሪክ በጣም ይገርመኛል ምክንያቱም ሲያደርገው ያደረገውን አያውቅም። የጣልያን ስደተኛ አናጢ ልጅ ነው፣ ኒውዮርክ አካባቢ የሰው ዱላ እየተሸከመ ነው ጎልፍ የለመደው። ዩኤስ ኦፕንና ፒጂኤን በ1922፣ ዘ ኦፕንን በ1932 በላ። 1935 ላይ ገና ሁለተኛ ዓመቱን የያዘ ኦገስታ ላይ የሚደረግ ግብዣ መሰል ውድድር ሄደ፣ ማስተርስ የሚለው ስም ገና በይፋ አልወጣለትም። በመጨረሻው ቀን 15ኛው ቀዳዳ ላይ ሲደርስ ክሬግ ውድ የሚባለው ሰው ጨርሶ ገብቷል፣ ሳራዜንን በሶስት ምት ይመራዋል፣ እንደውም የሽልማቱን ቼክ በውድ ስም ጽፈውት ነበር ይባላል። ሳራዜን ከ235 ያርድ፣ ማለትም ከ200 ሜትር በላይ፣ ኩሬ አሻግሮ መታት፣ ኳሷ አረፈች፣ ተንከባለለች፣ ገባች። ፓር 5 የሆነውን በሁለት ምት ጨረሰ፣ አልባትሮስ ይባላል፣ በአንድ ምት ሶስቱንም ልዩነት ደመሰሰ። እኩል ስለጨረሱ በነጋታው 36 ቀዳዳ ሙሉ ፕሌይኦፍ (እኩል የወጡ የሚለያዩበት ተጨማሪ ጨዋታ) ተጫውተው በአምስት ምት አሸነፈው። ያኔ "አራቱን ጨረሰ" ብሎ ያጨበጨበ የለም፣ አራቱ የሚባል ነገር ራሱ አልነበረማ። ዛሬ ጎልፈኛ ሁሉ ከአሸዋ ለመውጣት የሚጠቀምበት ሳንድ ዌጅ የሚባለው ዱላም የሱ የእጅ ስራ ውጤት ነው፣ በቤቱ ሲሞክር ሲያስተካክል አውጥቶት በ1932ቱ ዘ ኦፕን ይዞት ሄደ። የአናጢ ልጅ አይደል።

እዚህ ጋ ሁሌ የሚያምታታ ነገር አለ። "ቦቢ ጆንስስ?" የሚል ሰው አይጠፋም። ጆንስ በ1930 በአንድ ዓመት ውስጥ አራት አሸንፏል፣ ግን የሱ አራት ሌላ አራት ነው፣ ዩኤስ ኦፕን፣ ዘ ኦፕን፣ ሁለቱ ደሞ የአሜሪካና የብሪታንያ የአማተር ውድድሮች ናቸው። ሰውየው በብር አይጫወትም ነበር፣ በ28 ዓመቱ በቃኝ ብሎ ተወውና ኦገስታን ከመሰረቱት አንዱ ሆነ፣ ማለትም ከዛ በኋላ ሁሉም የሚመኘውን አራተኛ ዋንጫ የፈጠረው እሱ ራሱ ነው። አማተሮቹ ቀርተው የዛሬዎቹ አራት "አራቱ" የሆኑት በ1960 አካባቢ ነው፣ አርኖልድ ፓልመር ማስተርስንና ዩኤስ ኦፕንን በልቶ ዘ ኦፕን ወደሚደረግበት ወደ ሴንት አንድሩስ ሲሄድ ዘ ኦፕንና ፒጂኤን ብጨምርበት አዲሱ ግራንድ ስላም ይሄ ነው አለ፣ ጋዜጠኞቹም ተቀበሉት። እሱ እዛ በአንድ ምት ተሸንፎ ሁለተኛ ወጣ፣ ሐሳቡ ግን ቀረ። ሳራዜን ከዛ 25 ዓመት በፊት ያደረገው ነገር ስም ወጣለት ማለት ነው። ፓልመር ደሞ፣ ሐሳቡን ያመጣው ሰውዬ፣ ሰባት ሜጀር በልቶ ፒጂኤን ሳያገኛት ሞተ። እንዲህም አለ።

ሁለተኛው ቤን ሆጋን ነው። ከስድስቱ አንድ ምረጥ ብትሉኝ እሱን ነው የምመርጠው። 1949 ፌብሩዋሪ ላይ ቴክሳስ ውስጥ በጠዋት ጭጋግ ከሚስቱ ጋር ሲነዳ አንድ ግሬይሀውንድ አውቶቡስ የጭነት መኪና ልቅደም ብሎ ፊት ለፊት መጣበት። ሆጋን መሪውን ለቆ ሚስቱን ልሸፍን ብሎ በላይዋ ተወረወረ፣ የመሪው ዘንግ እሱ ተቀምጦበት የነበረውን ወንበር በስቶ ወጣ፣ ማለት እሷን ላድን ብሎ ነው ራሱም የተረፈው። ዳሌው፣ ትከሻው፣ ጎድኑ፣ ቁርጭምጭሚቱ ተሰባበረ፣ ከዛ ደም መርጋት መጣ፣ ሊገድለው ነበር፣ ሐኪሞች መራመዱንም ተጠራጠሩ። 16 ወር ቆይቶ እግሩን በፋሻ ጠቅልሎ በ1950 ሜሪየን ላይ ዩኤስ ኦፕንን በላ፣ ያውም ያኔ በመጨረሻው ቀን 36 ቀዳዳ ነበር የሚጫወቱት፣ በሱ ላይ በማግስቱ ሌላ 18 ፕሌይኦፍ።

ፒጂኤን ከአደጋው በፊት ሁለቴ በልቷል፣ በ1951 ማስተርስን ጨመረ። የቀረችው ዘ ኦፕን ናት፣ እሱ ደሞ ስኮትላንድ ሄዶ አያውቅም። በ1953 ማስተርስንም ዩኤስ ኦፕንንም በልቶ ሰዎች ሂድ ሂድ ብለው ካርኑስቲ ሄደ። ቀደም ብሎ ደርሶ ሜዳውን እየዞረ አጠና፣ እዛ የሚጫወቱበት ኳስ ከአሜሪካው አነስ ያለ ስለነበር እሱንም ለመደ። ከዛ አራቱን ቀን 73፣ 71፣ 70፣ 68 መታ፣ አያችሁ ቁጥሩ በየቀኑ ሲወርድ? በአራት ምት አሸንፎ ሄደ፣ ሁለተኛ ወደ ዘ ኦፕን አልተመለሰም፣ በህይወቱ አንዴ ተጫወታት አንዴ በላት። ያን ዓመት አራተኛውን ፒጂኤን ያልተጫወተው ቀኑ ከዘ ኦፕን ጋር ስለተጋጨ ነው፣ ባይጋጭም በዛ በጥሎ ማለፍ በቀን 36 ቀዳዳ መሄድ እግሩ አይችልም ነበር። አርባ ዓመቱ ነበር፣ ከስድስቱ በእድሜ ገፍቶ የጨረሰው እሱ ነው።

ጋሪ ፕሌየርና ጃክ ኒክላውስ ላይ ብዙ አልቆይም፣ ትንሽ ስለሆኑ ሳይሆን ችግር ስላላዩበት ነው። ፕሌየር ደቡብ አፍሪካዊ ነው፣ በ1965 ዩኤስ ኦፕንን ሲበላ በ29 ዓመቱ ጨረሰ፣ አሜሪካዊ ያልሆነ የመጀመሪያው ሰው፣ ማክልሮይ እስኪመጣ ድረስም ብቸኛው። በዓመቱ ኒክላውስ ሚዩርፊልድ ላይ ዘ ኦፕንን በልቶ በ26 ዓመቱ ጨረሰ። ችግሩ ኒክላውስ አላቆመም፣ ከዛም ሁለተኛ ዙር አዞረው፣ ሶስተኛ ዙር አዞረው፣ ማለትም እያንዳንዷን ቢያንስ ሶስት ሶስቴ በልቷል፣ በድምሩ 18 ሜጀር። የመጨረሻዋ በ1986 ማስተርስ በ46 ዓመቱ። ይሄ ሰውዬ ለብቻው ሊጻፍለት ይገባል።

ታይገር ውድስን የማያውቅ የለም። በ2000 ጁን ላይ ፔብል ቢች ዩኤስ ኦፕንን በ15 ምት ልዩነት አሸነፈ፣ በሩጫ ብትወስዱት ሁለተኛው ገና ስታዲየም ሳይገባ ሻወር ወስዶ ወጣ እንደማለት ነው። በወሩ ሴንት አንድሩስ ላይ ዘ ኦፕንን በ8 ምት ሲበላ አራቱን ሞላ፣ 24 ዓመቱ ነበር፣ ከዚህ በእድሜ ያነሰ እስካሁን የለም። እዛ ሜዳ ላይ ከመቶ በላይ የአሸዋ ጉድጓድ አለ፣ ታይገር በአራት ቀን አንዱም ውስጥ አልገባም። ከዛ ኦገስት ላይ ፒጂኤ፣ በ2001 ኤፕሪል ማስተርስ፣ አራት በተከታታይ፣ አራቱም ዋንጫ በአንድ ጊዜ ቤቱ ቁጭ። ግን አዲስ ዓመት መሀል ስለገባ "በአንድ ዓመት አልተደረገም" ብለው ግራንድ ስላም አይደለም የሚሉ አሉ፣ ስለዚ ታይገር ስላም ብለው ሌላ ስም አወጡለት። እኔ በበኩሌ ይሄ ክርክር የስራ ፈት ነው የምለው፣ ጃንዋሪ 1 ኳሷን ምን አደረጋት?

ከታይገር በኋላ 25 ዓመት ማንም የለም። አሁን ወደሚያለቅሰው ሰውዬ እንመለስ።

ማክልሮይ በ2011 21 ዓመቱ እያለ ማስተርስን በመጨረሻው ቀን በአራት ምት እየመራ ገባ፣ 10ኛው ቀዳዳ ላይ ኳሷን በግራ በኩል ጎጆዎቹ መሀል ከተታት፣ ከዛ ሁሉም ነገር ተበላሸ፣ 80 መትቶ ወጣ። 80 ማለት እናንተና እኔ ብንመታው ድግስ የምንደግስበት፣ ለሱ ደረጃ ግን ውርደት ነው። በሁለት ወሩ ግን ሜሪላንድ ቤተስዳ ኮንግሬሽናል ላይ ዩኤስ ኦፕንን በ8 ምት በላ። ከሲልቨር ስፕሪንግ ቅርብ ነው፣ ያኔ ታክሲ እነዳ ነበር፣ አንድ ፊቱ በጸሀይ የበሰለ ፈረንጅ ከዛ ጫንኩና እስከ ቤቱ ድረስ ስለዚህ ልጅ ሲያወራ እኔ ቆጣሪውን እያየሁ "እሺ፣ እሺ" ስል ነበር፣ ጎልፍ የሚባል ነገር የገባኝ ያን ቀን ነው ማለት ይቻላል። በ2012 ፒጂኤ፣ በ2014 ጁላይ ዘ ኦፕን፣ ኦገስት ላይ እንደገና ፒጂኤ። 25 ዓመቱ። የቀረው ማስተርስ ብቻ፣ እሱም በሚቀጥለው ኤፕሪል። ማንም ሰው አስር ዓመት ይፈጃል አላለም።

ከዛ በኋላ አንድም ሜጀር የለም። ማስተርስ ብቻ ሳይሆን ሌሎቹም እምቢ አሉት፣ በ2024 ዩኤስ ኦፕን ላይ መጨረሻ አካባቢ ህጻን የሚያስገባቸው የሚመስሉ ሁለት አጫጭር ኳሶች ስቶ በአንድ ምት ተበላ። በየዓመቱ ኤፕሪል በደረሰ ቁጥር ያቺው ጥያቄ፣ መቼ ነው የምትጨርሰው? እንደ "መቼ ነው የምታገባው" በሉት፣ በየሰርጉ የምትጠየቀዋ።

2025 የመጨረሻው ቀን ደሞ የልብ ድካም ላለበት ሰው የሚታይ አልነበረም። ሁለት ምት እየመራ ገብቶ የመጀመሪያው ቀዳዳ ላይ ደብል ቦጊ፣ መሪነቱ እዛው ጠፋ። ተመልሶ በርዲ በርዲ አድርጎ አራት ምት መራ። 13ኛው ላይ ከመቶ ሜትር በታች የሆነች፣ በእንቅልፉ የሚመታት ኳስ ወንዟ ውስጥ ከተታት፣ ሌላ ደብል ቦጊ። 15ኛው ላይ ደሞ ዛፍ ዙሪያ አጥምዞ መትቶ ቀዳዳው አጠገብ አሳረፋት። አንድ ሰው በአንድ ከሰዓት እንዴት ሁለቱንም ይሆናል? 18ኛው ላይ ሜትር ተኩል የምትሆን ኳስ ካስገባ አለቀ፣ ሳታት። ጀስቲን ሮዝ 66 መትቶ እኩል ሆነው ፕሌይኦፍ ሄዱ። ከልጅነቱ ጓደኛው የሆነው ካዲው (ዱላ ተሸካሚው) ወደ መነሻው ሲሄዱ፣ ውድድሩ ሳይጀመር ሰኞ ጠዋት ላይ "ፕሌይኦፍ ትገባለህ" ቢሉን በደስታ እንቀበል ነበር አይደል አለው። አንድ ቀዳዳ ተጫወቱ፣ ማክልሮይ አጠገቡ አሳረፋት፣ አስገባት። ለቅሶው ይሄ ነው፣ የ14 ዓመት ለቅሶ ነው፣ ጓደኛዬም እዚህ ስደርስ "እንደዛ ከሆነ ያልቅስ" አለ።

ያልተሳካላቸውን ካያችሁ ለቅሶው የበለጠ ይገባችኋል። ሳም ስኒድ ሰባት ሜጀር አለው፣ ዩኤስ ኦፕንን አራቴ ሁለተኛ ወጥቶ ሳይበላት ቀረ። ቶም ዋትሰን ስምንት ሜጀር በልቶ ፒጂኤ የለውም። ፊል ሚክልሰን ግን ይብሳል፣ ስድስት ሜጀር አለው፣ ዩኤስ ኦፕን ላይ ስድስት ጊዜ ሁለተኛ። ስድስት! በ2006 ዊንግድ ፉት የመጨረሻው ቀዳዳ ላይ ሲቆም በአምስት ከጨረሰ እንኳ ፕሌይኦፍ አለው፣ በደህና ዱላ መሀል መሀሉን መምታት ሲችል ትልቁን ዱላ አውጥቶ ከሜዳ ውጭ ወዳለው የእንግዶች ድንኳን ላከው፣ ቀጥሎ ዛፍ መታ፣ ደብል ቦጊ። ሲጨርስ ራሱን ደደብ ብሎ ሰደበ፣ በቲቪ።

ሴቶቹ ጋ ስንመጣ ቁጥሩ ይወሳሰባል፣ ምክንያቱም "ሁሉንም" የሚለው ቃል በየጊዜው ይለዋወጣል። አንዱ ውድድር ሜጀር ይሆናል፣ ሌላው ይቀራል። ቤብ ዛሃሪያስ የምትባለዋ ጀግና፣ በ1932 ኦሎምፒክ ጦር ውርወራና መሰናክል ላይ ወርቅ ያመጣችው እሷው፣ በ1950 የዓመቱን ሜጀሮች ጠራርጋ በላች፣ ግን ያኔ የነበሩት ሶስት ነበሩ። ዛሬ አምስት ናቸው። የሴቶቹ ማህበር አራት የተለያዩ ሜጀሮችን ያሸነፈችውን ይቆጥራል፣ በሱ ልክ ሰባት ሴቶች አሉ፣ ሉዊዝ ሰግስ፣ ሚኪ ራይት፣ ፓት ብራድሊ፣ ጁሊ ኢንክስተር፣ ካሪ ዌብ፣ አኒካ ሶረንስታም፣ ኢንቢ ፓርክ። የኮሪያዋ ኢንቢ ጉዳይ ያስቃል። ፈረንሳይ ያለውን ኤቪያንን በ2012 አሸነፈች፣ በ2013 ኤቪያን ሜጀር ተባለ፣ የሷ ግን አንድ ዓመት ስለቀደመች አልተቆጠረላትም። ሜዳው ያው፣ ተራራው ያው። በ2016 ሪዮ ላይ የኦሎምፒክ ወርቅ ጨመረችበት፣ እሱን ማንም አይከለክላትም።

ማክልሮይ ያን እሁድ ማታ የማስተርስ አሸናፊ የሚለብሳትን አረንጓዴ ኮት ለብሶ ጋዜጠኞቹ ፊት ሲቀመጥ መጀመሪያ የጠየቀው እሱ ነው፣ በሚቀጥለው ዓመት ስለ ምንድነው የምናወራው ብሎ። መልሱ ብዙም አልቆየም፣ ስኮቲ ሼፍለር ማስተርስ ሁለት ነበረው፣ በዛው ዓመት ሜይ ላይ ፒጂኤን፣ ጁላይ ላይ ዘ ኦፕንን በላ፣ ዩኤስ ኦፕን ብቻ ቀረችው። ጆርዳን ስፒዝ ደሞ ከ2017 ጀምሮ ፒጂኤ ብቻ ነው የጎደለው፣ በየሜይ ማይክሮፎን ይዘው ይከቡታል፣ እሱም ፈገግ ብሎ ያቺኑ መልስ ይመልሳል።